የአባቴን ልብ ስለካ

የአባቴ ልብ መታመሙን ያወቅነው ሰንበቴ ገበያ ላይ ነው። አንድ ወይፈን ገዝቶ፣ ገመዱን እጁ ላይ ጠምጥሞ ወደ መኪናው ሲሄድ ድንገት መሬት ላይ ቁጭ አለ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከባቲ፣ ከሰንበቴና ከጨፋ ሮቢት ከብት እየነዳ በእግሩ ሲመላለስ የኖረ ሰው ነው። ገበያ መሃል ከነወይፈኑ ሲቀመጥ ያዩት ሁሉ ደነገጡ። እሁድ ነበርና ሲደውሉልኝ ከሚሴ ቤታችን አገኙኝ። ስደርስ ጥላ ሥር አስቀምጠው ውኃ እያጠጡት ነበር፤ እሱ ግን ስለ ወይፈኑ ነው የሚያስበው። "ደረቴን ነው ትንሽ የያዘኝ፤ ሰው ነው ያካበደው" አለኝ።

በማግሥቱ ደሴ ወሰድኩት። ሐኪሙ ደረቱ ላይ ብዙ ሽቦ ለጣጥፎ ከመረመረው በኋላ የደም ግፊቱ ለዓመታት ሳይታወቅ እንደቆየ፣ በዚህም የተነሳ የልቡ ጡንቻ እንደወፈረ ነገረን። አባቴ የከብት ነጋዴ ነውና መወፈር ጥሩ ነገር መስሎት "አልሃምዱሊላህ" አለ። ሐኪሙ ሳቀ፤ እኔ አልሳቅኩም። ከዚያ ትእዛዙ መጣ፤ በየቀኑ ክኒን፣ ጨው መቀነስ፣ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ። "ትንፋሽዎ ቶሎ ቶሎ ይበል፤ ግን አጠገብዎ ካለ ሰው ጋር ማውራት እንዳያቅትዎ" አለው። ሐኪሙ ቁጥር አልነገረንም። ቁጥሩን ያመጣሁት እኔ ነኝ።

"ጫትስ ይቅማሉ?" ብሎ ጠይቆት ነበር። አባቴ ደረቱን ነፍቶ "ኧረ የለም፣ ለዱዓ ካልሆነ" አለ። ሐኪሙ "እሱንም ቢተዉት ጥሩ ነው" ብሎ ወደ ወረቀቱ ዞረ። እኔም ዝም አልኩ፤ አባቴ የዋሸ አልመሰለኝም። በእኛ ዘንድ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ለዱዓ የሚቅሙት ጫት ጫት ተብሎ አይቆጠርም። ሱሰኛ ማለት በየመንገዱ ጉንጩን ወጥሮ የሚዞረው ነው። እኔም በዚሁ አድጌ፣ ኮሌጅ ገብቼ፣ ስለ ልብና ስለ ደም ዝውውር ተፈትኜ አልፌ እንኳ ነገሩን እንደዚያው ነበር የማየው።

እኔ የስፖርት አስተማሪ ነኝ። ተማሪዎቼን ሜዳውን ካስሮጥኩ በኋላ ሁለት ጣታቸውን አንገታቸው ላይ አስደግፌ አሥራ አምስት ሰኮንድ አስቆጥራቸዋለሁ፣ ቁጥሩን በአራት ያባዙታል። ከሁለት መቶ ሃያ ላይ ዕድሜያችሁን ቀንሱ፣ የልባችሁ የመጨረሻ ጣሪያ እሱ ነው፣ ከጣሪያው ከስልሳ እስከ ሰባ በመቶው ላይ ስትደርሱ ልባችሁ ይጠነክራል እላቸዋለሁ። ይህን ስናገር በራሴ ደስ ይለኛል። ከሚሴ ውስጥ ይህን የሚያውቀው እኔ ብቻ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

ጅዳ ሰው ቤት የምትሠራው እህቴ የአባቴን መታመም ስትሰማ አልቅሳ አልቅሳ፣ ወደ አገር በምትገባ ጓደኛዋ እጅ አንድ ሰዓት ላከች። ጥቁር፣ የላስቲክ ማሰሪያ ያለው ነው። ከሥሩ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም እያለ በቆዳ ውስጥ የሚያልፈውን ደም ያነባል፤ የልብ ምትን በየደቂቃው ፊቱ ላይ ይጽፋል፤ ማታ ከስልኬ ጋር ሲገናኝ ቀኑን ሙሉ ልቡ ስንት ደቂቃ በደንብ እንደሠራ ደምሮ ያሳየኛል። እንዲህ ያለ ነገር በእጄ ይዤ አላውቅም ነበር። አባቴን ልጠብቀው እንደምችል ያመንኩት ያን ቀን ነው።

ስሌቱን ለመሥራት ዕድሜው አስፈለገኝ። መታወቂያው ስልሳ አንድ ይላል። እናቴ "እሱን እነሱ ናቸው ገምተው የጻፉለት" አለች። አባቴ ደግሞ አንድ ትልቅ የአንበጣ መንጋ በመጣበት ዓመት እንደተወለደ ነገረኝ፣ አንበጣው መቼ እንደመጣ ግን አያውቅም። ስልሳ አልኩና ቀነስኩ። ከዘጠና አምስት እስከ መቶ አሥር መሀል ወጣ። "አባ፣ ይህች ቁጥር ከዘጠና አምስት በላይ ሆና ሠላሳ ደቂቃ ከቆየች በቃ፣ የዕለቱን ጨርሰሃል። መቶ አሥርን ግን እንዳታልፍ" አልኩት። ቁጥር ያውቃል፣ ነጋዴ ነው። ደጋግሞ አለውና "ቀላል ነው" አለኝ።

በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ትምህርት ቤት ሳልሄድ አብሬው ወጣሁ። አባቴ በሕይወቱ ያለ ጉዳይ መንገድ ሄዶ አያውቅም። አስፋልቱን ይዘን ፈጠን ፈጠን ስንል፣ ከኋላችን ሁለት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ ሲሮጡ መጡ።

"ማን ሞተ?" አለ አንደኛው ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ።

"ኧረ ማንም አልሞተም" አለ አባቴ።

"ታዲያ ምን ሆነህ ነው በጠዋት እንዲህ የምትከንፈው?"

አባቴ የደሴውን ሐኪም፣ የልቡን መወፈር፣ የእህቴን ሰዓት ከነታሪኩ ነገራቸው። ሁለቱም እጁን ይዘው እያገላበጡ አዩለት። ዘጠና ስምንት ደርሶ የነበረው ቁጥር ወደ ሰማኒያ አንድ ወረደ። ተሰናብተን ሃያ እርምጃ ሳንሄድ ደግሞ ሌላ ሰው፤ "አካም ቡልቴ? ነጋዳ? ልጆቹስ? ከብቱስ? ዝናብ ጣለላችሁ?" እጅ ለእጅ ይሳሳማሉ፣ ይመራረቃሉ፣ ቁጥሩ ይወርዳል። ግማሽ ሰዓት ወጥተን ቁጥሩ ከልኩ በላይ የቆየው አራት ደቂቃ ነው።

"አባ፣ እጅህን አንስተህ ብቻ እለፋቸው" አልኩት በሦስተኛው ቀን።

"እጄን አንስቼ? ምነው፣ ሹፌር ነኝ?"

ተናደድኩበት። ልቡን እያዳንኩለት እሱ ሰላምታ ይመርጣል ብዬ ነው የተናደድኩት። አሁን ሳስበው እነዚያ የሚያስቆሙት ሰዎች ከእኔ ይልቅ ይጠቅሙት ነበር፤ ያኔ ግን የሚታየኝ ቁጥሩ ብቻ ነው። እኔም ሥራ ነበረብኝና ከሳምንት በኋላ "በል እንግዲህ፣ በራስህ ጊዜ ጨርስ፤ ማታ ስልኬ ላይ አየዋለሁ" ብዬ ለቀቅኩት።

በሁለተኛው ሳምንት ቁጥሩ ተስተካከለ። ሠላሳ ደቂቃ። ከዚያ አርባ አምስት፣ አንዳንድ ቀን ከአንድ ሰዓት በላይ። ማታ ማታ ስልኬን ከፍቼ ድምሩን ሳይ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። "እንዴት አደረግከው?" ስለው "አንተ እንዳልከኝ ነው" ይለኛል። ለሶላት ሲታጠብ፣ ለውዱእ፣ ሰዓቷን አውልቆ መታጠቢያው ጋ እየረሳት እናቴ ነበረች እየሮጠች የምታመጣለት፤ የምቆጣው በዚህ ብቻ ነበር። አስተማሪዎች ክፍል ውስጥ ስልኬን እያዞርኩ አሳየሁ። እህቴን ጅዳ ደውዬ "አባ ድኗል" አልኳት። ስልኬ ላይ ከድምሩ ሥር ስንት እርምጃ እንደሄደም ይጻፋል። ለተማሪዎቼ "ሁሉንም መዝግቡ" የምል ሰው ያንን መስመር ወርጄ አላየሁትም።

አንድ ቀን ስብሰባ ነበርና ተማሪዎች በግማሽ ቀን ተለቀቁ፣ ስብሰባውም ቀረ። ቤት ስገባ አባቴ የለም። እናቴ "ሐድራ ላይ ናቸው" አለችኝ፤ ጎረቤታችን ያለው ሽማግሌ ቤት፣ ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ ተሰብስበው ዱዓ የሚያደርጉበት ማለቷ ነው። ሄድኩ። አባቴ ትራስ ተደግፎ፣ እግሩን አጣጥፎ፣ ቅጠሉ ፊቱ ተዘርግቶ ተቀምጧል። እጅጌው እስከ ክርኑ ተሰብስቧል። ሁሉም ወደ እጁ ይመለከታሉ።

"ስንት ደረሰ?" አለ የቤቱ ባለቤት።

"መቶ ሦስት።"

"ማሻ አላህ!"

"እኔ ትናንት ሳስራት መቶ ሃያ ነበርኩ" አለ ከዳር ያለው፣ በኩራት።

በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ሁለት ወር ሙሉ የተደሰትኩበት ነገር ይህ ነበር። ጫቱ የተጎዳ ልቡን ሲያስሮጠው፣ እኔ ማታ ማታ ሞላልኝ እያልኩ ተኝቻለሁ።

"አባ፣ ምን እያደረግክ ነው?"

ቀና ብሎ ሲያየኝ ፊቱ ላይ ድንጋጤ አልነበረም። ደስ አለው። "ያልከኝን ነዋ። ሠላሳ ብለህ የለ? ዛሬ ሰዓት ልትሞላ ነው።"

"በእግርህ ነው እኮ ያልኩህ!"

"እግሬማ ምን ሆነ? የታመመው ልብ ነው። እሱ ከደረሰ በቃ አላልክም?"

ብዬ ነበር። ቃል በቃል ብያለሁ። የቤቱ ባለቤት "ኮቱ፣ ኮቱ፣ ታኢ፤ ና ተቀመጥ፣ ቆመህ አትናገር" ቢለኝም አልሰማሁትም። "ራስህን እየገደልክ ነው! ይሄ ዱዓ አይደለም፣ ሱስ ነው!" ብዬ በጓደኞቹ ፊት ጮኽኩበት። በእኛ አገር ልጅ በአባቱ ላይ፣ ያውም ሐድራ ላይ፣ እንዲህ አይጮህም። አባቴ እጅጌውን ቀስ ብሎ አወረደና ጫማውን ይፈልግ ጀመር። ዛሬም ድረስ አፍርበታለሁ።

ከዚያ ቀን በኋላ ሐድራ አልሄደም። ሊጠሩት ሲመጡ "ልጄ ከልክሎኛል" ይላቸው ነበር፤ በቁጣ ሳይሆን እንዲያው እንደ ተራ ነገር። መንገድ ላይ መውጣትም ተወና ግቢ ውስጥ መመላለስ ያዘ፣ ከበሩ እስከ ጓሮው አጥር። ሃያ ሁለት እርምጃ ነው። ሄዶ፣ ዞሮ፣ ሄዶ፣ ዞሮ፤ ሰዓቷን ያያል፤ ሰማኒያ ስምንት። ይቀመጣል። ሽማግሌዎቹ ከግድግዳው ማዶ ዱዓ ሲያደርጉ ድምፃቸው ይሰማል፤ እሱም በረንዳው ላይ ተቀምጦ እጁን ዘርግቶ ከዚህ ሆኖ "አሚን" ይላል። እናቴ "ይኼን ሰው ልቡ ሳይሆን ብቸኝነቱ ነው የሚገድለው" አለችኝ። ምን ላድርግ? ጓደኞቹን ብመልስለት ጫቱን መመለሴ ነው። ጫቱን ብከለክለው ጓደኞቹን መከልከሌ ነው። ሁለቱን የምለይበት መንገድ ጠፋኝ፤ ሐኪሙም ቢሆን ይህን አልነገረኝም።

አላመንኩትም ደግሞ። ማታ ስልኬን ስከፍት አሁን የማየው ድምሩን አልነበረም፤ እያንዳንዷን ሰዓት፣ እያንዳንዷን ከፍታ ነበር። ከዙሁር በኋላ ትንሽ ከፍ ካለች "ዛሬ የት ነበርክ?" እለዋለሁ። "በግ አምልጦ ስመልስ ነው"፣ "ከእናትህ ጋር ተጨቃጭቄ ነው።" እያንዳንዱን ለእናቴ አጣራለሁ። እውነት ሆኖ ይገኛል። እሷ የማትመሰክርለት ቀን ሲሆን ግን ጥርጣሬዬ አይለቀኝም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሜዳ ላይ የሩጫ ፈተና እየሰጠሁ ነበር። ተማሪዎቹ ዙሩን ጀምረዋል፣ ሰዓት ይዤ ቆሜያለሁ፣ ስልኬ ጠራ።

"ልጄ፣ ይህች ነገር መቶ አርባ ትላለች" አለኝ አባቴ።

"ምን እየሠራህ ነው?"

"ምንም። ተቀምጬ ነው። ወርዳ ዘጠና ትላለች፣ ደግሞ ዘልላ ትወጣለች።"

ተቀምጦ መቶ አርባ። ከዙሁር በኋላ። ለእኔ ነገሩ ግልጽ ነበር።

"ሄድክ አይደል?"

"የት?"

"የት እንደሆነ ታውቀዋለህ፣ አባ።"

"ወላሂ ቤቴ ነኝ። ከበረንዳው አልወረድኩም።"

"እማን አቅርብልኝ።"

"ገበያ ናት።"

አንድ ተማሪ ዙሩን ጨርሶ አጠገቤ ደረሰ፤ ሰዓቱን መመዝገብ ነበረብኝ። "ለጫት ብለህ አላህን አትጥራ!" አልኩት። እንዲህ ነው ያልኩት፣ አንድም ቃል አልቀነስኩም።

ትንፋሹ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ "እሺ ልጄ፣ ሥራህን ሥራ" አለና ዘጋው። ከአባቴ አፍ የሰማሁት የመጨረሻ ቃል ይኸው ነው።

ፈተናውን ጨረስኩ። ሌላም ክፍል ነበረኝ፣ እሱንም አስተማርኩ። ማታ የቤታችን በር ላይ ስደርስ ከገበያ የገባችውን የእናቴን ጩኸት ሰማሁ። አባቴ በረንዳው ላይ ወደ ቀኝ ጎኑ ተደፍቶ፣ አፉ ተጣምሞ፣ ዓይኑ ግን ተከፍቶ ነበር። በባጃጅ ወደ ሆስፒታል፣ ከዚያም ወደ ደሴ ወሰድነው። ሐኪሙ የልቡ ምት ሥርዓቱን እንደሳተ፣ ልቡ ውስጥ የረጋ ደም ተነስቶ ወደ ጭንቅላቱ እንደሄደ አስረዳኝ። "መቼ ነው የጀመረው?" ብሎ ሲጠይቀኝ ስልኬን አውጥቼ ሰጠሁት። ሁሉም ተጽፏል። ከሰባት ሰዓት ተኩል ጀምሮ መስመሩ ሲወጣ ሲወርድ፣ ሲወጣ ሲወርድ፣ ለአራት ሰዓት ያህል ዘልቋል። "ያኔውኑ ቢመጣ ይድን ነበር?" አልኩት። "ምናልባት" አለኝ። ያንን "ምናልባት" እስከ ዛሬ የማደርግበት አጥቻለሁ።

ከደሴ እንደተመለስኩ ጫት ፍለጋ ቤቱን ፈተሽኩ። እንዴት ያለ ሰው ነው በዚያ ሰዓት ቤት የሚፈትሽ! ትራሱን፣ ፍራሹን፣ የካፖርቱን ኪስ አየሁ። አንድ ቅጠል የለም። ጎረቤታችን "ቤታችንን ከረገጠ ወሩ አይደለም?" አለኝ፣ ዓይኔን ሳያይ።

አባቴ አሥራ አንድ ወር ተኛ። ቀኝ ጎኑ አይታዘዝም፣ ምላሱም እንደዚያው። ጠዋት እኔ አጥበዋለሁ፣ ሽሮውን በማንኪያ አበላዋለሁ፣ ክንዱንና እግሩን አንቀሳቅስለታለሁ፤ ለተማሪ የማስተምረውን ሁሉ አደረግሁለት። ሽማግሌዎቹ ጫታቸውን ውጭ ትተው እየመጡ አልጋው ዙሪያ ዱዓ ያደርጉለት ጀመር። ለካ እንዲህም ይቻል ነበር። ብጠይቃቸው ኖሮ ያኔም እሺ ይሉኝ ነበር፤ አልጠየቅኳቸውም።

በእኛ ዘንድ ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ የበደለውን ሰው "አፉ በለኝ" ይላል፤ የተበደለውም "አፉ ብያለሁ" ይለዋል፣ በአንደበቱ፣ እንዲሰማ። ያ ካልተባለ ነገሩ አላለቀም። ጁምዓ ጁምዓ አጥቤው ነጭ ልብሱን ካለበስኩት በኋላ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ "አባ፣ አፉ በለኝ" እለዋለሁ። ያየኛል። "አ… አ…" ይላል። አንዳንዴ ያለኝ ይመስለኝና እንባዬ ይመጣል። ትንሽ ቆይቼ ውኃ ሳቀርብለትም ያንኑ ድምፅ ያወጣል። ግራ እጁን አንስቶ ጭንቅላቴን እንዲነካኝ አንገቴን ዝቅ አድርጌ ጠብቄው አውቃለሁ። አላነሳም። አልቻለም ይሁን አልፈለገ፣ የማውቅበት መንገድ የለኝም። እናቴ "በልቡ ብሎሃል" ትለኛለች። እኔ የእሱን ልብ ለክቼ አውቃለሁ እንጂ ገብቶኝ አያውቅም።

በክረምቱ መጨረሻ፣ አንድ ጠዋት ሽሮውን ይዤ ስገባ አልነቃም።

ቀብሩ ላይ ከሚሴ ሁሉ ወጣ፤ ከሰንበቴም ከጨፋ ሮቢትም ከብት ነጋዴዎች መጡ። ጎረቤታችን ያለው ሽማግሌ ሬሳው ወደ ጉድጓዱ ሳይወርድ ፊታችን ቆመ። እንደ ወጉ፣ ሟች በገበያም በጉርብትናም ያስቀየመው ሰው ካለ ይቅር እንዲለው ጠየቀ። "በሐቃችሁ አፉ በሉት" አለ። ሰዉ ሁሉ "አፉ ብለናል" አለ። ሽማግሌው ከሁሉ መጨረሻ ወደ እኔ ዞረና "አንተስ ልጁ?" አለኝ። ሟችን አፉ የሚያስብል እንጂ ከሟች አፉ የሚቀበልልኝ ሰው እዚያ አልነበረም። ሕዝቡ እየጠበቀኝ ነው።

"አፉ ብያለሁ" አልኩ፣ አንዲት ቀን እንኳ ያልበደለኝን ሰው።